የነፋስ ሚዛን

በሰሊሆም የነበረው ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች እንደ ገደለ፣ ጌታችንም ይህን አደጋ ራሱ አንሥቶ፣ ሟቾቹ በኢየሩሳሌም ይኖሩ ከነበሩት ሁሉ የከፉ በደለኞች መስለው እንዳይታዩአቸው አድማጮቹን እንደ ገሠጸ፣ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። ግንቡ ስለ ምን እንደ ወደቀ፣ መሠረቱ ከድቶት ይሁን ወይስ ግንበኛው ቸል ብሎ፣ ወንጌሉ አይናገርም፤ ከፍርስራሽ በታች የተቀበረውን ሰው ኀጢአት ለመቍጠር የሚቸኵለው ሕሊና ግን ከመለኮት አፍ ተግሣጽ ደርሶበታል። ይሁን እንጂ ሰው የወደቀ ሕንጻ ባየ ቍጥር ያንኑ ጥያቄ መልሶ መጠየቁን አልተወም፤ እኛ ደግሞ የምንጠይቀው፣ ነፋስና ማዕበል በድልድይ፣ በግንብና በባሕር ላይ በተተከለ ምሰሶ ላይ የሚያደርሱት ኀይል በቍጥር የሚሰላበት ሰፊ የሒሳብ ትምህርት ከተመሠረተ በኋላ ስለ ሆነ፣ መልሱ ለአባቶቻችን ከነበረው ይልቅ ለእኛ ይከብዳል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

በስኮትላንድ ምሥራቅ ዳርቻ፣ የታይ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ሰፊ የውሃ አፍ ላይ፣ ቶማስ ባውች የተባለው መሐንዲስ ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የባቡር ድልድይ ሠርቶ በ1878 ዓ.ም. ተመረቀለት፤ በማግሥቱም ዓመት ንግሥት ቪክቶሪያ በድልድዩ ላይ ካለፈች በኋላ ለመሐንዲሱ የሰርነት ማዕርግ ሰጠችው። ከዚያ ማዕርግ ስድስት ወር ያህል በኋላ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1879 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሑድ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጥቂት ዐለፍ ሲል፣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ድልድዩን ከጐኑ እየመታው ሳለ፣ ከኤድንብራ በኩል የመጣው ባቡር ገባበት፤ ከፍ ያለው የድልድዩ መካከለኛ ክፍልም፣ 13 ትላልቅ የብረት አግዳሚዎች ከነምሰሶዎቻቸው፣ በዚያ ጊዜ 75 ያህል ተብለው የተገመቱትን ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች ከነባቡሩ ይዞ ወደ ውሃው ወረደ። አንድም የተረፈ አልነበረም። ወዲያውም ሰንበትን በጥብቅ ከሚያስከብሩት ሰባክያን አንዳንዶቹ፣ ባቡሩ በሰንበት ስለ ተጓዘ የእግዚአብሔር ቍጣ እንደ ወረደበት አስተማሩ። ቍጣ ወረደበት የተባለው ያው ባቡር ጐታች ሞተር ግን ከውሃው ወጥቶ፣ ተጠግኖ፣ ጠላቂው የሚል ቅጽል ወጥቶለት ለብዙ ዓመታት አገልግሏል።

አደጋውን እንዲመረምር የተሾመው ጉባኤ የሰንበትን ነገር ለሰባክያኑ ትቶ ብረቱን መረመረ፤ ያገኘውም ነገር ዛሬ ድረስ የሚያነበውን ያሳፍራል። ምሰሶዎቹ ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠሩ ክፍት ግንዶች ሲሆኑ፣ ብረቱ በሚፈስበት ጊዜ አየር ገብቶበት የቀረው ቀዳዳ በሰም፣ በጥቀርሻና በብረት ብናኝ ድብልቅ እየተደፈነ፣ ከላዩም እየተወለወለ፣ ደኅና ብረት መስሎ እንዲታይ ይደረግ ነበር፤ ምሰሶዎቹን እርስ በርስ የሚያስተሳስሩት ሰያፍ ማሰሪያዎች የሚያያዙባቸው የብረት ጆሮዎችም ይችሉታል ከተባለው ሸክም እጅግ ባነሰ የሚሰበሩ ሆነው ተገኙ። ከሁሉ የከፋው ግን የመሐንዲሱ የራሱ ቃል ነበር፤ ለነፋስ ግፊት ስሌት አድርጎ እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ፣ በተለየ አለማድረጉን አመነ። የጉባኤው ሊቀ መንበርም ድልድዩ በንድፉም፣ በአሠራሩም፣ በአጠባበቁም ብልሹ እንደ ነበረ፣ የጥፋቱም ዋና ባለቤት ባውች እንደ ሆነ ወሰነ። ባውችም አደጋው ዓመት ሳይሞላው ሞተ።

መሐንዲሱ ስለ ነፋስ ጨርሶ አላሰበም እንዳይባል፣ በፎርዝ የውሃ አፍ ላይ ሊሠራው ስላቀደው ሌላ ድልድይ የነፋሱ ግፊት ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ በ1873 ዓ.ም. ለእንግሊዝ የንጉሣዊ ሥነ ፈለክ ሊቅ ለሰር ጆርጅ ኤሪ ቀርቦ፣ ሊቁ በአንድ ካሬ ጫማ 10 ፓውንድ፣ በእኛ ልኬት በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግራም ያህል፣ ቢታሰብ ይበቃል ብሎ ነበር። ኤሪ ተራ ሰው አልነበረም፤ በ1840ዎቹ ስለ ባሕር ሞገድ ያቀናበረውን ሒሳብ የባሕር መሐንዲስ ሁሉ ዛሬም በመጀመሪያ ይማረዋል። ስለ ውሃ እውነቱን ያገኘው አእምሮ ስለ ነፋስ በሰጠው ቍጥር ግን ሳተ። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አያድግምና፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰከንድ 20 ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ በፊቱ የቆመውን አንድ ካሬ ሜትር በ25 ኪሎ ግራም ያህል ቢገፋው፣ በሰከንድ 40 ሜትር ሲነፍስ በ100 ኪሎ ግራም ያህል ይገፋዋል፤ በቍጥሩ ላይ የገባች ትንሽ ስሕተትም በብረቱ ላይ ትልቅ ሆና ትወጣለች። ከታይ አደጋ በኋላ ለድልድዮች የተደነገገው ልክ 56 ፓውንድ፣ ማለትም ከኤሪ ቍጥር አምስት እጥፍ በላይ ሆነ። ቤንጃሚን ቤከር የተባለው መሐንዲስ የፎርዝን ድልድይ በዚህ ልክ ሲሠራ፣ በወንዙ አፍ መካከል ባለችው በኢንችጋርቪ ደሴት ላይ ትንንሽና ትልቅ ሰሌዳዎችን አቁሞ ነፋሱን ይለካ ነበር፤ ትልቁም ሰሌዳ በየካሬ ጫማው ከትንንሾቹ ያነሰ ግፊት እንደሚቀበል አየ፤ ምክንያቱም የነፋሱ ብርቱ ምት ሰፊውን ገጽ ሁሉ በአንድ ቅጽበት አያገኘውም። ስለዚህ ኤሪ፣ ሰፊ ገጽ ያነሰ ግፊት ይቀበላል በሚለው ዐሳቡ ጨርሶ አልተሳሳተም ነበር፤ የተሳሳተው በመጠኑ ነው። የፎርዝ ድልድይ በ1890 ዓ.ም. ተመርቆ ዛሬም ባቡር ያልፍበታል።

እንግዲህ የነፋሱ ግፊት በቍጥር ከታወቀ፣ የምሰሶውም ዐቅም በቍጥር ከታወቀ፣ የድልድዩን ጽናት ወይም ውድቀት የሚወስነውም የሁለቱ ልዩነት ከሆነ፣ ለእግዚአብሔር መግቦት የቀረው ስፍራ ወዴት ነው? ሒሳብ አንድ ርምጃ በተራመደ ቍጥር ፈጣሪ አንድ ርምጃ ያፈገፍጋል የሚሉ ፈላስፎች አሉ፤ ይህንኑ ፈርተው ሒሳቡን ከትዕቢት የሚቈጥሩ ጸሎተኞችም አሉ። ሁለቱ ወገኖች ምንም ቢጣሉ በአንድ ስሕተት ይስማማሉ፤ እርሱም እግዚአብሔር የሚሠራው ሰው ባላወቀው ነገር ውስጥ ብቻ ነው ብለው ማሰባቸው ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የሥነ ፍጥረት ትምህርት ግን ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃና መሬት የተባሉት አራቱ ባሕርያት ጠባያቸው እርስ በርሱ የሚቃረን ሲሆን ፈጣሪ በልክና በመጠን አስማምቶ እንዳኖራቸው ያስተምራል፤ መጽሐፈ ኢዮብም ፈጣሪ ለነፋስ ክብደትን እንደ መደበ፣ ውሃንም በመስፈሪያ እንደ ሰፈረ ይመሰክራል። ፈጣሪ የመዘነውን ፍጡር መልሶ የሚመዝን ሰው ከመዛኙ ጋር የሚጣላበት ምክንያት አይታየኝም። የፈሳሽን እንቅስቃሴ የሚገዛውን ቀመር ከፈረንሳዊው ናቪየ ቀጥሎ ያጸናውና ስሙም ከቀመሩ ጋር የሚጠራው ጆርጅ ስቶክስ ጽኑ ክርስቲያን ነበር፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ከፍጥረት ተነሥቶ ፈጣሪን ስለ ማወቅ ተከታታይ ትምህርት የሰጠውም እርሱ ነው።

እኛም ቍጥርን ከአምልኮ ለይተን አናውቅም። የባሕረ ሐሳብ መምህር ከጥንተ አበቅቴ 11 እና ከጥንተ መጥቅዕ 19 ተነሥቶ፣ ሁለቱም ተደምረው ሁልጊዜ 30 እየሆኑ በ19 ዓመት ዐውድ ሲመላለሱ ተከትሎ፣ የጾሙንና የትንሣኤውን ዕለት አስቀድሞ ሲናገር፣ ዕለቱን በሒሳብ ማወቁ የትንሣኤውን ምሥጢር ያሳነሰበት አይመስለውም። የታይን ሟቾች በተመለከተም እንዲሁ ነው። ነፋሱ በፈጣሪ ሥርዐት ነፈሰ፤ ብረቱም በፈጣሪ ሥርዐት ተሰበረ፤ በሰም የተደፈነውን ቀዳዳ የደፈነው ግን የሰው እጅ ነው። ስሌት እግዚአብሔርን ከዐውሎው አያስወጣውም፤ ሰውን ግን ከሰበቡ ያስወጣዋል። ከመለካቱ በፊት ነፋስ ለሁሉ ምክንያት ይሆን ነበር፤ ከተለካ በኋላ፣ ባለመለካቱ የሚጠየቅ ሰው ተገኘ።

ሆኖም ከታይ የተገኘው ትምህርት፣ ነፋሱን መዝኖ ምሰሶውን ማጽናት፣ ከ60 ዓመት በኋላ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ሳይበቃ ቀረ። በዋሽንግተን ግዛት በታኮማ የባሕር ጠባብ ላይ ጁላይ 1 ቀን 1940 ዓ.ም. የተከፈተው ተንጠልጣይ ድልድይ በመካከለኛው ክፍሉ 853 ሜትር ይረዝም ነበር፤ ስፋቱ 12 ሜትር ያህል፣ ጐንና ጐኑን የያዙት ድፍን የብረት አግዳሚዎች ቁመትም 2.4 ሜትር ብቻ ስለ ነበረ እንደ ጥብጣብ የቀጠነ ሥራ ነበር። ነዳፊው ሌዎን ሞይሴፍ በዘመኑ ከነበሩት የተንጠልጣይ ድልድይ ሊቃውንት ከቀደሙት አንዱ ነው፤ ቸልተኛ አልነበረም፤ የነፋሱንም ግፊት ኋላ ድልድዩን ከጣለው እጅግ ለሚበልጥ ዐውሎ አስልቶለት ነበር። ድልድዩ ግን ከተከፈተ ጀምሮ በቀላል ነፋስ እንኳ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚናወጥ፣ የአካባቢው ሰዎች ጋላቢዋ ገርቲ ብለው ሰየሙት፤ ለደስታ ሲሉ በመኪና የሚመላለሱበትም ነበሩ። ኖቬምበር 7 ቀን ጧት፣ ነፋሱ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነፍስ፣ በድልድዩ መካከል ገመዱን የያዘው ማቀፊያ ተንሸራተተና መንገዱ መናወጡን ትቶ ይጠማዘዝ ጀመር፤ አንዱ ጐኑ ሲነሣ ሌላው እየሰመጠ፣ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ እየተገለባበጠ ቈይቶ፣ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ተበጣጥሶ ወደቀ። ሰው አልሞተም። በአንድ ጋዜጠኛ መኪና ውስጥ የቀረ ውሻ ብቻ ሞተ፤ የድልድዩን መናወጥ ሲያጠና የነበረው ፕሮፌሰር ፋርኩሃርሰን በሚጠማዘዘው መንገድ ላይ ሄዶ ሊያወጣው ሞክሮ ነበር፤ የደነገጠው ውሻ ግን ጣቱን ነከሰው።

ምክንያቱ ምን እንደ ነበረ ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ፣ ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠ ሕፃን በየተራው ሲገፋ ከፍ ከፍ እንደሚል፣ ነፋሱም ከድልድዩ የራሱ ምልልስ ጋር በገጠመ ተራ እየገፋ አናወጠው የሚል ነበር። ነፋስ በአንድ ነገር ላይ ሲያልፍ ከኋላው ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ የሚወጡ አዙሪቶችን ይተዋል፤ ቴዎዶር ፎን ካርማን የተባለው የሃንጋሪ ተወላጅ ሊቅ የእነዚህን አዙሪቶች ሰልፍ በ1911 ዓ.ም. በሒሳብ ስለ ተነተነው በስሙ ይጠራሉ። ካርማን ግን አዙሪቶቹን ያገኘሁ እኔ አይደለሁም ይል ነበር፤ በጣልያን አገር በቦሎኛ ቤተ ክርስቲያን ባየው ሥዕል፣ ቅዱስ ክርስቶፎሮስ ሕፃኑን ጌታ ተሸክሞ ወንዝ ሲሻገር፣ ሠዓሊው ከቅዱሱ ባዶ እግር ኋላ የሚፈራረቁትን አዙሪቶች ሥሎአቸው ነበርና። በእኛ ስንክሳር በሰማዕትነቱ የሚታሰበውን ቅዱስ ምዕራባውያን በዚህ መልክ ይሥሉታል፤ የሥዕሉም ነገር እጅግ ይማርከኛል፤ የሊቁ ቀመር ከመጻፉ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ለአምልኮ የቆመ ዐይን ውሃውን አስተውሎ ነበርና።

ታኮማ ላይ ግን አዙሪቶቹ ብቻቸውን አልበቁም። ቢላህና ስካንላን የተባሉት ሊቃውንት በ1991 ዓ.ም. በግልጥ እንዳስረዱት፣ በዚያን ዕለት ነፋስ አዙሪቶቹ በሰከንድ አንድ ጊዜ ያህል የሚወጡ ሲሆኑ ድልድዩ የሚጠማዘዘው በአምስት ሰከንድ አንድ ጊዜ ስለ ነበረ፣ ተራቸው አይገጥምም። እውነቱ ከዚህ የረቀቀ ነው። መንገዱ ጥቂት ሲጠማዘዝ ነፋሱን የሚቀበልበት ማዕዘን ይለወጣል፤ ማዕዘኑ ሲለወጥ ግፊቱ ይለወጣል፤ የተለወጠውም ግፊት መንገዱን በሚሄድበት አቅጣጫ ያግዘዋል፤ ነፋሱ ራሱ ሳይበረታና ሳይደክም፣ የድልድዩ እንቅስቃሴ ከእርሱ ኀይል እየቀዳ ራሱን ይመግባል። መሐንዲሶች ፍላተር ይሉታል። ነፋሱ ባይኖር ድልድዩ አይወድቅም ነበር፤ ድልድዩ ባይንቀሳቀስም ነፋሱ አይጥለውም ነበር። በመጻሕፍተ መነኮሳት ጉባኤ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ፆር የተማረውን ማስታወሱ አይቀርም፤ ከውጭ የሚመጣው ዐሳብ ገና ኀጢአት አይደለም፤ ሰው ተቀብሎ ካወዛወዘው ግን ከኀልዮ ወደ ነቢብ፣ ከነቢብ ወደ ገቢር እየበረታ ይሄዳል። ምሳሌውን ግን ከዚህ አልፌ አልገፋውም፤ ብረት ነጻ ፈቃድ የለውም፤ ፈቃዱ ያለው የነደፈው ሰው ነው።

ታዲያ ሞይሴፍ በደለ እንላለን? እንደ ባውች አልበደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ሰው አውቆ የሚሠራውን ኀጢአትና ሳያውቅ የሚሠራውን ይለያል፤ ሳያውቅ የሠራውም ቢሆን ጥፋቱ በታወቀው ጊዜ መሥዋዕት እንዲያቀርብ ያዝዘዋል እንጂ፣ አላወቅሁም ነበር በማለት ብቻ አያሰናብተውም። የመሐንዲሶቹም ማኅበር ዕዳ ከዚህ ወገን ነው። ዕዳውንም የሚያከብደው ነገር አለ፤ በእንግሊዝ የብራይተን ተንጠልጣይ የባሕር መተላለፊያ በ1836 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ወንዝ ላይ የዊሊንግ ድልድይ በ1854 ዓ.ም. በነፋስ ተናውጠው ወድቀው ነበር፤ የብራይተኑም አወዳደቅ በሥዕል ጭምር ተመዝግቦ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የታኮማ ድንቍርና ያልተማሩት ነገር ብቻ አልነበረም፤ ከፊሉ አያቶቻቸው አውቀውት እነርሱ የረሱት ነው፤ መርሳት ደግሞ በእኔ ፍርድ ካለማወቅ ይከፋል። ከውድቀቱ በኋላ የግዛቱ ገዢ ድልድዩ በዚያው ንድፍ ዳግመኛ ይሠራል ማለቱን ካርማን በሰማ ጊዜ፣ በገዛ ቤቱ ትንሽ የጎማ ድልድይ ከኤሌክትሪክ ማራገቢያ ፊት አቁሞ ሲናወጥ እንዳየው ይተርካል፤ እርሱም ከመርማሪዎቹ አንዱ ሆነ። በ1950 ዓ.ም. የተከፈተው አዲሱ ድልድይ በድፍኑ አግዳሚ ፈንታ ነፋስ የሚያሳልፍ፣ 10 ሜትር ቁመት ያለው የብረት መረብ ተደረገለት።

የባሕሩ ነገር ደግሞ ሌላ ትሕትና ያስተምራል። ፀሐይና ጨረቃ ለባሕረ ሐሳብ መምህር አስቀድመው ቃል እንደ ገቡለት ያህል ይታመናሉ፤ የባሕር ማዕበል ግን አንዱን ነጥሎ ነገ በዚህ ሰዓት ይህን ያህል ይሆናል የሚል ቀመር የለም። የናቪየና የስቶክስ ቀመር መፍትሔው ሁልጊዜ ሳይቋረጥ መኖሩ እንኳ እስከ አሁን አልተረጋገጠም፤ ላረጋገጠ ወይም ላፈረሰ ሰው በ2000 ዓ.ም. የተመደበው አንድ ሚሊዮን ዶላርም የሚወስደው አልተገኘም። ነገር ግን አንዱ ማዕበል የማይገዛለትን ሕግ ብዙዎቹ በአንድነት ይገዙለታል። ማይክል ሎንጌ ሂጊንስ በ1952 ዓ.ም. እንዳሳየው፣ በአንድ ወጀብ ውስጥ ካሉት ሞገዶች ከፍ ያሉት አንድ ሦስተኛ ተወስዶ አማካይ ቁመታቸው ቢለካ፣ የዚያን ልክ እጥፍ የሚያልፍ ሞገድ ከ3,000 አንዱ ያህል ነው፤ ሞገዶቹ በየ12 ሰከንዱ የሚያልፉ ቢሆኑ፣ ዐሥር ሰዓት በቈየ ወጀብ ውስጥ አንዱ ይጠበቃል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ግዙፍ ማዕበል መኖሩን መርከበኞች ሲናገሩት ኖረዋል፤ ሊቃውንቱ ግን ብዙ አያምኗቸውም ነበር። በሰሜን ባሕር ውስጥ በተተከለው፣ ድራውፕነር በተባለው መድረክ ላይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1995 ዓ.ም. ወደ ታች የተደገነው የሌዘር መለኪያ፣ የዚያን ዕለት ልክ 12 ሜትር ያህል ሳለ 25.6 ሜትር የሆነ አንድ ማዕበል መዘገበ፤ ከዚያ በኋላ የመርከበኞቹ ወሬ ተረት መባሉ ቀረ። መድረኩም ከጥቂት ጉዳት በቀር ጸንቶ ቆመ።

ስለዚህ የባሕር መሐንዲስ ለእርግጠኛ ነገር ሊሠራ አይችልም፤ ለይሆናል ይሠራል። የመቶ ዓመት ማዕበል ሲባል በየዓመቱ ከመቶ አንድ ዕድል ያለው ማዕበል ማለት ነው፤ 50 ዓመት በሚያገለግል መድረክ ዘመን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመምጣቱ ዕድል ከመቶ 40 ያህል ይደርሳል። በኖርዌይ ሕግ መድረኮቹ በ10,000 ዓመት የሚጠበቀውንም ማዕበል ሳይፈርሱ እንዲያሳልፉ ይፈለጋል። ግን 100 ይሁን ወይስ 10,000 የሚለውን ማን ይወስናል? ይህን ቍጥር የሞገድ ሒሳብ አይሰጥም፤ ሒሳቡ የሚናገረው ይህን ያህል ብታወጣ ይህን ያህል ሰው ለዚህ ያህል አደጋ ታጋልጣለህ ብሎ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሰው ነፍስና ገንዘብ በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ፤ በዚህ ስፍራ የሚናገረው ሕሊና ብቻ ነው። ኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያቆም፣ ሰው ቢወድቅ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ ያዝዛል፤ ሕጉ ወዳቂው ማን እንደ ሆነ፣ ጻድቅ ይሁን ኀጥእ፣ አይጠይቅም፤ ሠሪውን ግን ገና ማንም ሳይወድቅ ይጠይቀዋል። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ማለቴ ነው፣ ባለዕዳው ከዐቅም በላይ በሆነ ኀይል ምክንያት ከኀላፊነት ነጻ የሚወጣው፣ የደረሰው ነገር በተለመደው አስተያየት አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው ሲሆን እንደ ሆነ ይደነግጋል። አስቀድሞ ማሰብ የሚቻለው ነገር ደግሞ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዷል፤ በቀደመው ዘመን ይቅር ይባል የነበረው ስሕተት በ1879 ይቅር አልተባለም፤ በ1940 ይቅር የተባለውም ዛሬ አይባልም።

ይህን የሚሰማ ምእመን፣ እንግዲያውስ ስለ ዝናሙ፣ ስለ ወንዞቹና ስለ መንገደኞች በቅዳሴና በሊጦን የምንጸልየው ለምንድር ነው ይል ይሆናል። እኔ የምመልሰው፣ ጸሎቱ የስሌቱ ምትክ ሆኖ አልታዘዘም ብዬ ነው። በቤት ሠሪዎቹ ምሳሌ በዐለት ላይ በተሠራው ቤትም በአሸዋ ላይ በተሠራውም ያው ዝናም ዘነበ፣ ያው ጎርፍ ጎረፈ፣ ያው ነፋስ ነፈሰ፤ ምእመኑ ነፋስ እንዳይነካው ቃል አልተገባለትም። መምህራን ዐለቱን በሃይማኖት ይተረጕሙታል፤ ትርጓሜው እውነት ነው፤ ምሳሌው ግን የቆመው እውነተኛ ዐለትና እውነተኛ ጎርፍ በሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው። ከ3,000 ሞገድ አንዱ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ ማንም ስለማያውቅ፣ መሐንዲሱ ራሱ ሥራውን ፈጽሞ ሲያበቃ የሚጸልይበት ነገር አያጣም።

በአገራችን ባሕር የለንም፤ ነፋሱ ግን አለን። የበልግ ዝናም ሲቃረብ በሚነሣው ዐውሎ የትምህርት ቤት ወይም የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ተገንጥሎ ሲሄድ፣ ሕዝቡ በጉዳዩ ላይ ሲነጋገር ከሚሰማው አንዱ፣ ምን በድለን ይሆን የሚለው ነው። ንስሐ መልካም ነው፤ የሚመለከተውን ሁሉ ይመለከታል። ጣራውን የሚመለከተው ነገር ግን ይህ ነው፦ ነፋስ በጣራ ላይ ሲያልፍ፣ በተለይም ተዳፋቱ ዝቅ ባለ ጊዜ፣ ቆርቆሮውን በመጫን ፈንታ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ስበቱም በጠርዙና በማዕዘኑ ይበረታል። አንድ ካሬ ሜትር የተለመደ ቆርቆሮ 5 ኪሎ ግራም እንኳ አይመዝንም፤ በሰከንድ 30 ሜትር የሚነፍስ ዐውሎ በደጋው ስስ አየርም ቢሆን በጠርዙ ላይ ያንኑ ካሬ ሜትር ከ40 ኪሎ ግራም በሚበልጥ ኀይል ወደ ሰማይ ሊጐትተው ይችላል። ስለዚህ ጣራውን የሚይዘው ክብደቱ ሊሆን አይችልም፤ የሚይዘው ቆርቆሮውን ከሞራሌው የሚያገናኘው ምስማር፣ ሞራሌውን ከወራጁ፣ ወራጁንም ከግድግዳው ራስ ጋር የሚያስረው ማሰሪያ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል የሌሎቹ መጠንከር አይጠቅምም። የሰበካ ጉባኤ አባላትና የትምህርት ቤት አስተዳዳሪዎች ሆይ፣ ጣራ ስታሠሩ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ስለ ቆርቆሮው ዋጋ ብቻ አትከራከሩ፤ ወራጁ ከግድግዳው ጋር በምን እንደ ታሰረ አናጢው በእጁ እየነካ ያሳያችሁ፤ ይህንም ቆርቆሮው ከመልበሱ በፊት ጠይቁት፤ ከለበሰ በኋላ ማሰሪያው አይታይም።